ኢ6ቢ የበረራ ማስሊያ

ኢ6ቢ አብራሪዎች የጉዞ ጊዜን፣ የነዳጅ ፍጆታንና የነፋስን ተጽዕኖ በእጅ የሚያሰሉበት፣ ባትሪ የማይፈልግ መሣሪያ ነው። ከብረት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከካርቶን ይሠራል። ይህንኑ ስሌት የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክ ማስሊያዎችና የታብሌት መተግበሪያዎች ቢኖሩም ብዙ ሠልጣኝ አብራሪዎች ዛሬም ይማሩበታል።

አመጣጥ

መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፈው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ፊሊፕ ዳልተን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ አብራሪዎችና የበረራ መስመር ቀያሾች ዘንድ በሰፊው አገልግሏል።

አሠራር

በአንደኛው ገጹ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ክብ ሚዛኖች አሉ። ለምሳሌ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ከመሬት አንጻር በሰዓት 120 የባሕር ማይል ቢሆን፣ በውስጠኛው ሚዛን ላይ ያለው የ60 ደቂቃ ምልክት ከውጪው 120 ትይዩ ይደረጋል። ርቀቱ 90 የባሕር ማይል ከሆነ ከ90 ትይዩ 45 ደቂቃ ይነበባል። ሞተሩ በሰዓት 8 ጋሎን የሚያቃጥል ከሆነም ለዚህ ጉዞ 6 ጋሎን እንደሚበቃ በተመሳሳይ መንገድ ይገኛል፤ መጠባበቂያው ነዳጅ ለብቻው ይታከላል።

በሌላኛው ገጽ የሚዞር ብርሃን አሳላፊ ሰሌዳ አለ። አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያም ከመሬት አንጻር የሚኖረውን ፍጥነትና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ስንት ዲግሪ ማዞር እንዳለበት ያነባል።

ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር

ኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ፈጣን ነው፤ የአስርዮሽ ነጥቡንም ራሱ ያስቀምጣል። በኢ6ቢ ላይ ግን «12» የሚለው ምልክት 1.2፣ 12 ወይም 120 ሊሆን ስለሚችል ተማሪው መልሱን አስቀድሞ በግምት ማወቅ አለበት። ይህ ልማድ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ላይ በስሕተት የገባን ቁጥር ለመለየትም ይረዳል። በአሜሪካ የአብራሪዎች የጽሑፍ ፈተና ኢ6ቢም ለበረራ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ማስሊያም ይፈቀዳል፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን ክልክል ነው።

የመለኪያ ስሕተት

ሁለቱም መሣሪያዎች የተሳሳተ መለኪያን አያርሙም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 የኤር ካናዳ በረራ ቁጥር 143 ነዳጅ ሲሞላ፣ ሊትር ወደ ኪሎግራም የተቀየረው በ0.8 አካባቢ ሳይሆን በ1.77 ተባዝቶ ነበር። 1.77 የአንድ ሊትር ክብደት በፓውንድ ነው። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ተነሣና ሁለቱም ሞተሮቹ በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በመሆኑም ተማሪዎች በየትኛውም መሣሪያ ቢያሰሉ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መለኪያውን እንዲጽፉ ይመከራል።