ስብ ጎተራ ብቻ አልነበረም

የድኅረ ዶክትሬት የምርምር ማስታወቂያዎች ሳገላብጥ አንዱ ርእስ አስቆመኝ፤ ሆርሞኖችና ብግነት። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ብግነት ለእኔ ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ የማየው ነገር ነበር። ከስኳር በሽታ ጋር ምን አገናኘው? እናንተም ይህን ካላችሁ፣ ኑ ወደኋላ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ኤብሽታይን ለስኳር ሕመምተኞች ሶዲየም ሳሊሲሌት ሰጠ። በሽንታቸው የሚወጣው ስኳር ቀነሰ። ሳሊሲሌት የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስሙም የመጣው አኻያ ዛፍ በላቲን ከሚጠራበት ቃል ነው። በ1901 እንግሊዛዊው ዊሊያምሰንም ይህንኑ ታዝቦ ጻፈ። ከዚያ በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ተገኘና ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ልጆችን ያነሳ መድኃኒት ነው።

በ1957 የታተመው ታሪክ ግን ይገርማል። ኢንሱሊን የሚወጋ አንድ ሕመምተኛ በሩማቲክ ትኩሳት መገጣጠሚያው አበጠና ብዙ አስፕሪን ታዘዘለት። ኢንሱሊኑ ቢቆምም ስኳሩ ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ተጠጋ። አስፕሪኑ ሲቆም ስኳሩ ተመልሶ ወጣ። እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ስኳር አወረደ ማለት ነው! ለምን እንደሆነ ግን በጊዜው የሚያስረዳ አልነበረም። ስብ እንደሆነ እንደ ጎተራ ነበር የሚታየው፦ ትርፉ ይገባል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል፣ በቃ።

በ1993 ቦስተን ውስጥ፣ በብሩስ ስፒገልማን ቤተ ሙከራ፣ ገና ተማሪ የነበረው ጎካን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ የወፈሩ አይጦችን ስብ መረመሩ። ስቡ ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ለብግነት የሚጠቀሙበትን መልእክተኛ እያመረተ ነበር። መልእክተኛውን ሲያመክኑት እንስሳቱ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ተሻሻለ። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ላኪው ደህና ነው፤ መስመሩን የሚረብሽ ጫጫታ አለ። በ2001 ደግሞ የስቲቨን ሾልሰን ቡድን ሳሊሲሌት በሕዋስ ውስጥ አንድ የብግነት ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚያጠፋ አሳየ። የኤብሽታይን ፍንጭ በመጨረሻ አንባቢ አገኘ።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አስፕሪን አንውጥም? እንዳትሞክሩት! የሚፈለገው መጠን በጣም ከፍተኛ ነው፤ ጨጓራ ያደማል። ቲኤንኤፍ አልፋን ማገዱም አይጥ ላይ እንደሠራው ሰው ላይ አልሠራም። ጫጫታው ከአንድ ምንጭ ብቻ አይመጣም፤ ማስታወቂያውም የሚፈልገው ሌሎቹን ምንጮች የሚያድን ሰው ነው።