«መቼ መጣችሁ?» ለሚሉን

ደብረ ማርቆስ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ገበያ ስንወጣ የማን ልጅ እንደሆንን ይታወቃል፤ «መቼ መጣችሁ?» የሚለን ግን አይጠፋም።

መልሱ ገበያው ውስጥ አለ። ከተማዋ መንቆረር በምትባልበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በስተደቡብ ያለው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ መገናኛ ነበር። ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች እስከ ጎንደርና ምፅዋ ያደርሱት ነበር። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይህንንም አንደብቅም።

ሙስሊም በአብዛኛው ርስት ስለማይሰጠው በንግድና በሽመና አደረ። የመሬት አዋጅ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። በመሬት መዝገብ ስማችን የጠፋው ስላልነበርን አይደለም።

ይህን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች እያለቁ ነው። ለዒድ ስንዘይራቸው እንጠይቃቸው፤ ድምፃቸውንም በስልካችን እንቅረጽ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።