ውሃው ከሸሸ በኋላ፦ የኒው ኦርሊንስ ዩኒቨርስቲዎች ከካትሪና ማዕበል ያገገሙበት ታሪክ

አንድ ዩኒቨርስቲ በአደጋ ሲመታ ሰው በመጀመሪያ የሚቈጥረው የፈረሰውን ግንብና የረጠበውን መጽሐፍ ነው። ሆኖም የፈረሰ ግንብ በገንዘብና በጊዜ ይጠገናል፤ የተበተነ መምህርና የተበተነ ተማሪ ግን በወቅቱ ካልተሰበሰበ ዳግመኛ አይገኝም። ይህንን እውነት በጉልህ ካሳዩት አጋጣሚዎች አንዱ በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል በአሜሪካዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ላይ ያደረሰው ጥፋት ነው። ከአደጋው ወዲህ ሃያ ዓመታት ስላለፉ፣ የትኛው ተቋም በእርግጥ እንዳገገመና የማገገሚያውን ዋጋ ማን እንደከፈለ አሁን በሚዛን ማየት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በዚያ አካባቢ እንግዳ አልነበረም። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 የቴክሳስ ወደብ የሆነችውን ጋልቬስተንን የመታው ማዕበል ቢያንስ 6 ሺህ ሰዎችን ሲፈጅ፣ ከተከፈተ ገና ዘጠኝ ዓመት የሆነው የሕክምና ትምህርት ቤት ሕንፃ ክፉኛ ተጐድቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የዩኒቨርስቲው የበላይ ኀላፊዎች እንዲቀጥል ወሰኑ፤ በዚያው የትምህርት ዓመትም በሩ ተከፈተ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በኒው ኦርሊንስ የተነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ የአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን የአንድ ሙሉ ከተማ ከፍተኛ ትምህርት በአንድ ቀን መዘጋቱ ነው።

ከተማዋና ትምህርት ቤቶቿ

ኒው ኦርሊንስ በሚሲሲፒ ወንዝና በፖንቻርትሬን ሐይቅ መካከል የተቈረቈረች ስትሆን፣ ከመሬቷ ከፊሉ ከባሕር ወለል በታች ይገኛል። የቀደሙት ነዋሪዎች የሠፈሩት ወንዙ ለዘመናት ደለል እየከመረ ከፍ ባደረገው ዳርቻ ላይ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ከተማዋ ረግረጉን በፓምፕ እያደረቀች ወደ ሐይቁ ተስፋፋች። የዩኒቨርስቲዎቹም አቀማመጥ ይህንኑ ታሪክ የተከተለ ነው። በ1834 በሕክምና ኮሌጅነት የተጀመረው ቱሌንና የኢየሱሳውያን ማኅበር ያቋቋመው ጎረቤቱ ሎዮላ ወደ ወንዙ በኩል ይገኛሉ። በ1935 ትምህርት የጀመረው ዲላርድና በ1959 የተከፈተው የሳውዘርን ዩኒቨርስቲ የኒው ኦርሊንስ ቅርንጫፍ ግን የቆሙት በሐይቁ በኩል፣ ዝቅ ባለው ሥፍራ ነው። በ1925 በካትሪን ድሬክሰል አማካይነት ለዩኒቨርስቲነት የበቃውና በአሜሪካ ብቸኛው የካቶሊክ የጥቁሮች ዩኒቨርስቲ የሆነው ዛቪየርም ለጎርፍ በተጋለጠ ሠፈር ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ የተቋቋሙት ለጥቁር አሜሪካውያን ነበር፤ ውሃው የከፋባቸውም እነርሱ ሆኑ።

ማዕበሉ ኦገስት 29 ቀን 2005 ማለዳ የብስ ሲደርስ ከተማይቱን ያጠፋት ነፋሱ ብቻ አልነበረም። የቦዮቹ የጎርፍ መከላከያ ግድግዳዎች ተደርምሰው ውሃው ከከተማዋ ከመቶ 80 ያህሉን እጅ ሸፈነ። በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ በሙሉ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ኦገስት 27፣ የቱሌን አዲስ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሻንጣቸውን ወደ መኝታ ክፍላቸው በማስገባት ላይ ነበሩ። የዩኒቨርስቲው ፕሬዚዳንት ስኮት ካወን በዚያው ቀን ከተማዋን ለቀው እንዲሄዱ ነገሯቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚመለሱም ይታመን ነበር። መሄጃ ያልነበራቸው ተማሪዎች በአውቶቡስ በሚሲሲፒ ግዛት ወደሚገኘው የጃክሰን ስቴት ዩኒቨርስቲ ተወሰዱ። በዛቪየር ደግሞ በግቢው የቀሩ በመቶ የሚቈጠሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች በውሃ ተከበው ሰንብተው በጀልባ ወጡ።

የተበተነው ሴሚስተር

ከአደጋው ማግስት የተቋማቱ ኀላፊዎች የገጠማቸው የመጀመሪያ ችግር የሕንፃ ጉዳይ አልነበረም፤ የራሳቸውን ሰዎች ያሉበትን ቦታ አለማወቅ ነበር። የኮምፒውተር ማዕከሎች ኃይል አጥተዋል፤ የከተማዋ የስልክ መሥመሮች አይሠሩም፤ የተማሪዎች የውጤት መዝገብና የሠራተኞች የደመወዝ ሰነድ በባዶ ከተማ ውስጥ ተቈልፎ ቀርቷል። የቱሌን አስተዳደር በጎረቤት ግዛት በምትገኘው በሂውስተን ሆቴል ውስጥ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ በመጀመሪያ ያደረገው እነዚህን መዝገቦች ከከተማዋ ማስወጣትና ለሠራተኞች ደመወዝ መክፈል ነበር። ደመወዝ የደረሰው መምህር የተቋሙ አባል መሆኑን አይረሳም፤ መዝገቡ የተገኘለት ተማሪም የሚመለስበት ቤት እንዳለው ያውቃል።

ሁለተኛው ታላቅ ነገር ሌሎች ኮሌጆች በራቸውን መክፈታቸው ነው። የቱሌን ተማሪዎች ብቻ በአገሪቱ ወደ 600 በሚጠጉ ኮሌጆችና ዩኒቨርስቲዎች ተቀባይነት አገኙ። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጥበብ ልብ ሊባል ይገባል። የከፍተኛ ትምህርት ማኅበራት አስተናጋጆቹን የጠየቁት ተማሪዎቹን በዝውውር ሳይሆን በእንግድነት እንዲቀበሏቸው ነበር። ብዙዎቹም ለቀድሞ ተቋሙ ክፍያ የፈጸመውን ተማሪ ዳግመኛ አላስከፈሉም። ይህ ባይደረግ ኖሮ ቸርነቱ ራሱ ለተጐዱት ተቋሞች ሁለተኛ ጎርፍ በሆነባቸው ነበር፤ ተማሪውም ክፍያውም በዚያው በቀረ። በዚሁ መንፈስ በስሎን ፋውንዴሽን ገንዘብ ከ100 በላይ ኮሌጆች ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ኮርሶችን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ አቀረቡ። የቱሌን የሕክምና ተማሪዎች በሂውስተን በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርስቲ የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ በባተን ሩዥ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። የመንግሥት የሆነው የኒው ኦርሊንስ ዩኒቨርስቲም በኦክቶበር 2005 በከተማዋ ዳርቻ በነበረው ቅርንጫፉና በኢንተርኔት ማስተማር በመጀመር ከሁሉ ቀደመ።

በዚህ መካከል በባዶው ከተማ ሌላ ሩጫ ነበር። የቱሌን ዋና ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በውሃ ተሞልቶ፣ በውስጡ የነበሩት የሙዚቃ ስብስቦች፣ የመንግሥት ሰነዶችና ማይክሮፊልሞች ሰጥመው ነበር። በዚያ ሙቀት የረጠበ ወረቀት በቀናት ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ ሊተርፍ የሚችለው እየወጣ በማቀዝቀዣ የጭነት መኪና ተወስዶ በበረዶ እንዲጠጥር ይደረጋል፤ ከዚያም እርጥበቱ ሳይቀልጥ ወደ እንፋሎትነት እየተለወጠ እንዲወጣ ተደርጎ ይደርቃል። በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ጽሑፎች በዚህ ዘዴ ከጥፋት ድነዋል።

ጃንዩዋሪ 17 ቀን 2006 ቱሌንና ዛቪየር ተከፈቱ። ወደ ቱሌን ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኝ የሚጠጉት፣ ወደ ዛቪየር ከአራት ሦስቱ ያህል ተመለሱ። የመማሪያ ክፍል መጽዳቱ ግን ብቻውን በቂ አልነበረም። ልጁን የሚያስተምርበት ያጣ መምህር ሊመለስ አይችልምና፣ ቱሌን ከአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ጋር ተባብሮ ለሠራተኞቹ ልጆች የመማሪያ ቦታ አዘጋጀ፤ መኖሪያም ስለጠፋ የመንገደኞች መርከብ ተከራየ። ግቢው በውሃና በእሳት የወደመው ዲላርድ የዚያን ዓመት ትምህርት የሰጠው በወንዙ ዳር በሚገኘው በሂልተን ሆቴል ነው፤ ተማሪዎቹም የሚያድሩትና የሚማሩት በዚያው ሆነ። ፕሬዚዳንቷ ማርቫሊን ሂዩዝ ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር። የሳውዘርን ቅርንጫፍ ደግሞ ሕንፃዎቹ በሙሉ ስለሰጠሙ ከፌዴራል መንግሥት ባገኛቸው ተጎታች ቤቶች ውስጥ ማስተማር ጀመረ፤ ወደ ዋናው ግቢው መመለስ የቻለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያውም በከፊል ነው።

የመመለሻው ዋጋ

የበሩ መከፈት በየጋዜጣው በድል አድራጊነት ተጻፈ፤ ይገባውምም ነበር። ነገር ግን ለዚህ ድል የተከፈለው ዋጋ እኩል አልነበረም። ቱሌን በዲሴምበር 2005 ባወጣው የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅድ ከ200 በላይ መምህራንን ከሥራ አሰናበተ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሕክምና ፋኩልቲ መምህራን ነበሩ። የመካኒካል፣ የሲቪልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና እንዲሁም የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ታጠፉ፤ በ1886 የተመሠረተው የኒውኮም የሴቶች ኮሌጅ ከወንዶቹ ኮሌጅ ጋር ተዋሐደ። የኒውኮም መሥራች ወራሾች ነገሩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሰውት ነበር፤ ግን አልተሳካላቸውም።

የሕክምና መምህራኑ በይበልጥ የተጐዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከ1736 ጀምሮ የድኾች መታከሚያ የነበረው፣ ለቱሌንና ለሉዊዚያና ስቴት ተማሪዎችም መማሪያ የሆነው ቻሪቲ ሆስፒታል ከማዕበሉ በኋላ ዳግም አልተከፈተም፤ የእርሱ ምትክ ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። በሽተኛው ተበትኖ፣ ሆስፒታሉ ተዘግቶ የሕክምና መምህር ደመወዝ ከየት ይመጣል? የአስተዳዳሪዎቹ መከራከሪያ ይህ ነበር፤ ካልተቈረጠ ሁሉም ይጠፋል ባዮች ነበሩ።

የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ግን ነገሩን በሌላ ዐይን ተመለከተው። ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ካስመረመረ በኋላ በ2007 በከተማይቱ የሚገኙ የቱሌንን፣ የሎዮላን፣ የኒው ኦርሊንስንና የሳውዘርንን አስተዳደሮች በይፋ ወቀሰ። የማኅበሩ ፍሬ ነገር የተደረገው ቅነሳ ከችግሩ መጠን አልፎ መሄዱ፣ መምህራኑ በበቂ አለመመከራቸውና ይግባኝ የሚሉበት መንገድ መጥበቡ ነበር። ሎዮላ ግቢው ከውሃ ያመለጠ መሆኑ ሲታሰብ ክርክሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይታያል። በአስቸኳይ ጊዜ የአመራር ፍጥነት አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው በደብዳቤ ብቻ ሲሰናበት፣ ተቋሙ ያዳነው ገንዘብ ያጣውን አመኔታ የሚተካ አይደለም።

የሃያ ዓመት ሚዛን

ከጊዜ በኋላ የሁሉም ዕጣ ተለያየ። በስጦታ የተከማቸ ከፍ ያለ ቋሚ ገንዘብና በመላ አገሪቱ የተሠራጩ ተማሪዎች የነበሩት ቱሌን ከቀድሞው ይልቅ ጠነከረ። ተማሪዎቹ ሁሉ ለከተማዋ ሕዝብ አገልግሎት ሳይሰጡ እንዳይመረቁ የወጣው ደንብ ብዙ ወጣቶችን ሳበ፤ በ2010 ያገኘው የመግቢያ ማመልከቻ ከ40 ሺህ በላይ ነበር፤ ያጠፈውንም የኮምፒውተር ትምህርት ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቋመ። ዛቪየር ከ1968 ጀምሮ በመሩት በኖርማን ፍራንሲስ ጽናትና ከቃታር መንግሥት በተገኘ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ርዳታ የፋርማሲ ትምህርት ቤቱን አስፋፋ። ሆኖም ዛቪየር፣ ዲላርድና ሳውዘርን ግቢያቸውን ለመጠገን ከፌዴራል መንግሥት የተበደሩትን ዕዳ ለዓመታት ተሸክመው ኖሩ። በሚሲሲፒ ከሚገኘው ቱጋሉ ኮሌጅ ጋር የአራቱ ዕዳ፣ በጠቅላላው 322 ሚሊዮን ዶላር፣ የተሠረዘላቸው በ2018 ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀድሞ የተከፈተው ተቋም ታሪክ ነው። የኒው ኦርሊንስ ዩኒቨርስቲ ከማዕበሉ በፊት 17 ሺህ ያህል ተማሪዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም እየሠሩ የሚማሩ የከተማዋ ልጆች ነበሩ። ከተማዋ ግን በ2000 ከነበሯት 484 ሺህ ነዋሪዎች በ2010 የቀሯት 343 ሺህ ብቻ ነበሩ። ያልተመለሰው ቤተሰብ የእርሱ ተማሪ ነበር። በዚያ ላይ የግዛቲቱ መንግሥት በጀቱን በተከታታይ ቀነሰበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በ2005 ያልገደለው ጎርፍ በሃያ ዓመት ውስጥ የተማሪውን ቁጥር ከግማሽ በታች አወረደው። ፈጥኖ መከፈት ብቻውን ማገገም አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

በ2008 ዓይክ የተባለው ማዕበል ያንኑ የጋልቬስተንን የሕክምና ትምህርት ቤት ሲመታ፣ ኀላፊዎቹ እስከ 3,800 የሚደርሱ የሥራ መደቦች እንዲታጠፉ ፈቀዱ። ከኒው ኦርሊንስ ሦስት ዓመት በኋላ ያው ዋጋ በዚያው በሠራተኛው ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህም የመዝገብ ቅጂን ከከተማ ውጭ ማስቀመጥ ልማድ እየሆነ ሲሄድ፣ በአደጋ ጊዜ ማን እንደሚሰናበት፣ በማን ምክርና በምን ዐይነት ይግባኝ እንደሚወሰን አስቀድሞ መስማማት ግን ልማድ እንዳልሆነ ያመለክታል። ውሃው ከገባ በኋላ የሚጻፍ ደንብ የኀይለኛው ደንብ ነው፤ ጸጥ ባለ ጊዜ የተጻፈ ደንብ ግን አስተዳዳሪውንም መምህሩንም ይጠብቃል።

ከዚህ ታሪክ የሚጠቀስ አንድ መልካም ፍሬም አለ። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው ማዕበል የፖርቶ ሪኮን ዩኒቨርስቲዎች በዘጋ ጊዜ፣ ቱሌን ለደሴቲቱ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ያለ ክፍያ እንዲማሩ በሩን ከፈተ። በ2005 ስድስት መቶ ያህል ኮሌጆች ያበደሩት ደግነት በዚህ መንገድ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ተቸጋሪ ተከፈለ።