ርቀትና ኬላ በጣና ዙሪያ የውጭ ንግድ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከዚህ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ፣ በመተማ ወደ ሱዳን ወይም በአውሮፕላን ይወጣል። በየብስ ቅርቡ መተማ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ነጋዴው ብዙ ጊዜ የራቀውን መንገድ መርጧል፤ ምክንያቱም ትርፉን የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን ኬላው፣ ቀረጡና የመንገዱ ሰላምም ነው።

የኢኮኖሚ ሊቁ ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962 ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ የሁለት አገሮች ንግድ በኢኮኖሚያቸው መጠን ይጨምራል፣ በርቀታቸው ይቀንሳል። የጣና ነጋዴዎች ይህን ቀድመው በእጃቸው ቆጥረውታል። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ ከጣና በስተምሥራቅ ባለው የይፋግ ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር በአንድ ማርያ ትሬዛ ብር የሚገኘው ብዛት ያንስ ነበር። ወደ ምጽዋና በሱዳን ወዳለው ስናር የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴም በየኬላው ለየገዥው ቀረጥ ስለሚከፍል ወርቅ፣ ዝባድና ቡና የመሰለውን፣ ሸክሙ ቀሎ ዋጋው የሚከብደውን ይመርጥ ነበር። በዚያው መንገድ ባሮችም ይነዱ ነበር።

የዘጌ ቡና ከዚህ የሲራራ ንግድ ዘመን የተረፈ ነው። በሐይቁ ልሳነ ምድር ላይ በደን ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሱዳን ይሸጥ ነበር። ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር የተደረገውና መጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ጦርነት ያንን በር ለዓመታት ዘጋው። የዛሬው ኬላ ሌላ ዓይነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው፣ አፈጻጸሙም በተደጋጋሚ የተራዘመው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ በመረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በጓሮው ጥቂት ኩንታል የሚለቅም ገበሬ ይህን ብቻውን ሊያሟላ አይችልም፤ ደኑን ጠብቆ ያቆየው ግን እርሱ ነው።

የሐይቁ ዓሣ የርቀትን ሥራ በግልጽ ያሳያል። ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ትኩሱ ይሄዳል። ለሱዳን የሚላከው ግን ሆዱ ተቀዶ፣ ሥጋው ተሰንጥቆ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በቆላው ሙቀት ተጉዞ ድንበር ላይ ፍተሻ ቢቆይ እንኳ እንዳይበላሽ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያም በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ግን ማድረቅም ለዚህ መስመር ዋስትና አይሆንም።

ጽጌረዳ አይደርቅም፤ ሰዓት ይቆጠርበታል። የአገሪቱ አብዛኞቹ የአበባ እርሻዎች ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚቀርቡት በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ አካባቢ የሰፈሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ አበባ አውሮፓ ሲገባ ቀረጥ የለበትም፤ ስለዚህ ውሃና መሬት ብሎ ወደ ጣና የመጣ ባለሀብት ዋና ስሌቱ መንገዱ ነበር። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ተቃውሞ ወቅት በባሕር ዳር የነበረው የሆላንዱ ኤስሜራልዳ የአበባ እርሻ ተቃጥሎ ኩባንያው ሲወጣ፣ ለስሌቱ የፖለቲካ ስጋትም ተጨመረበት።

በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዋናነት ለአገር ውስጥ ገበያ ያመርት ስለነበር ወደቡ ያን ያህል አላሳሰበውም። የዛሬው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሐሳብ ግን ኤክስፖርት ነው፤ ጨርቁ ከጅቡቲ ይገባል፣ የተሰፋው ልብስ በዚያው ይመለሳል። የዚህን ደርሶ መልስ ወጪ ይሸፍን የነበረው አጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ የመግባት ዕድል ነበር። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ ስትታገድ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ በሚሠሩ አንዳንድ ልብሶች ላይ እስከ 32 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ተመለሰ። እንዲህ ባለው ቀረጥ ላይ የባሕር ዳር ርቀት ሲደመር፣ ልብሱን የሚገዛው ለወደብ የቀረበ አገር ቢመርጥ አያስገርምም።

ለአስመጪው ግን ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የወረታ ደረቅ ወደብ እፎይታ ነው። የጉምሩክ ሥርዓቱን እዚያው ስለሚጨርስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ መመላለስ ይቀርለታል። ኮንቴነሩ ግን ዛሬም ከጅቡቲ በከባድ መኪና ነው የሚመጣው፤ መንገድ ሲዘጋም ባለበት ይቆማል።