የመንገድ ወጪና የጥገና ዕዳ፦ የኢትዮጵያ አውራ ጎዳና ታሪክ

የመንግሥት ወጪ ለአንድ አገር የረጅም ጊዜ ዕድገት ምን ያህል እንደሚበጅ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የኢትዮጵያ መንገድ ታሪክ ነው። የመኪና መንገድ ከመስፋፋቱ በፊት የሩቅ አገር ንግድ የተያዘው በሲራራ ነጋዴዎች ነበር። ጭነቱ በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ይጓጓዛል፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ጉዞው ይቆማል። እህል ከሩቅ ማምጣት ስለማያዋጣ አንዱ አውራጃ ተርፎት ሌላው ይራብ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው የኢጣሊያ ጦር ለወታደራዊ ቁጥጥር ሲል አዲስ አበባን ከደሴ፣ ከአስመራና ከጅማ ጋር የሚያገናኙ መንገዶችን ሠራ። የጣርማ በር ዋሻ የተፈለፈለው ያኔ ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ለጥገና የሚበቃ ገንዘብም ባለሙያም ጠፋ። የመንገድ ጉዳት ከትንሽ ነገር ይጀምራል፦ የጎርፍ ቦዩ በደለል ይደፈናል፣ ውሃው ወደ መንገዱ ሥር ይሰርጋል፣ አፈሩ ይለሰልሳል፣ የጭነት መኪና ሲመላለስበት አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ይቦረቦራል። ቦይ ለመጥረግ ያልወጣው ጥቂት ብር ኋላ መንገዱን እንደ አዲስ ለመሥራት የሚያስፈልግ ትልቅ ወጪ ይሆናል።

በ1943 ዓ.ም. መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ከዓለም ባንክም ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። በአሜሪካ ባለሙያዎች እየታገዘ ነባሮቹን መንገዶች ጠገነ፣ አዳዲሶችም ከፈተ። ዋናው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ የሆነው ቡናም ወደ ገበያ መውጫ አገኘ።

በደርግ ዘመን የጦርነት ወጪ በጀቱን ተሻማ፤ ጥገናም ወደ ኋላ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ከአገሪቱ 26,550 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ በጥሩ ይዞታ ላይ የነበረው 22 በመቶው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ከነዳጅ ሽያጭ በሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። በ2007 ዓ.ም. የመንገዱ ርዝመት ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ።

በ15 የገጠር መንደሮች የተካሄደ ጥናት ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደቀነሰ አሳይቷል። የመንገድ ወጪ ዕድገት እንደሚያመጣ አያጠራጥርም። ዕድገቱ የሚዘልቀው ግን የካፒታል በጀት በሠራው መንገድ ላይ የጥገና በጀት በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሲመደብ ብቻ ነው።