በኮምፒዩተር የተቀመጡ ደብዳቤዎቻችን

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይሁን እንጂ ጽሑፍም ሥርዓት ይዞ ካልተቀመጠ እንደ ቃል ይጠፋል። ማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከእኛ በፊት ባሕር ማዶ የኖሩ ወገኖቻችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮምፒዩተር የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ማስታወስ ተገቢ ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ተማሪዎችና ምሁራን ኢሜይል የሚያነቡት ሥዕል በሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ከእነዚህ አንዱ ፓይን ይባላል። ሥራው በ1989 በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ1992 ለሕዝብ ቀረበ። የእኛ ፊደል በዚያ ስክሪን ላይ ስለማይወጣ አማርኛው በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር። አጻጻፉ አንድ ወጥ እንዲሆን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ስሙ እንጂ ሥራው ሴራ አልነበረም። በዚህ ሥርዓት ትንሹ የላቲን «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቁ ለ«ጥ» ስለሚቆም፣ ጸሐፊው ከተሳሳተ «ጠራ» ያለው «ተራ» ሆኖ ይነበባል።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። በፓይን «ኤስ»ን የተጫነ ሰው የማኅደር ስም ካልሰጠ፣ የቤተሰቡም የማኅበሩም ደብዳቤ ባንድ ማኅደር ይከማቻል። ስም ከሰጠ ግን ፕሮግራሙ አዲስ ማኅደር ይከፍትለታል። አዲስ ወር ሲገባም ያለፈው ወር የተላኩ ደብዳቤዎች በወሩ ስም ለብቻ ይቀመጡ እንደሆነ ይጠይቀዋል።

ጥቅሙን በምሳሌ እንመልከት። በሐምሌ 1996 እዚሁ አትላንታ ፋጡማ ሮባ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ሆነች፤ በማግስቱም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዐሥር ሺህ ሜትሩን አሸነፈ። ያን ሳምንት ደስታውን ለወዳጁ የጻፈ ሰው፣ በየወሩ ለይቶ አስቀምጦ ከሆነ ደብዳቤውን ከሐምሌው ማኅደር ያገኘዋል። ሁሉን የደባለቀ ግን ከሺህ ደብዳቤ መካከል መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ፊደላችን በመስከረም 1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ገባ። የቀድሞዎቹ ደብዳቤዎች ግን ራሳቸውን ወደ ፊደል አይለውጡም። የፓይን ማኅደር ደብዳቤዎች ተከታትለው የሚጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ዛሬም ይነበባል። ችግሩ ፋይሉ ከሌለ ነው፤ ባለቤቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ሣጥኑ ተዘግቶ፣ ቅጂ ሳያወጣ የቀረ ብዙ ነው።

ስለዚህ የድሮ ዲስክ ወይም በወረቀት የታተመ ደብዳቤ ያላችሁ አባላት ሆይ፣ ዋናውን ሳትነኩ ቅጂ አውጡ፤ በዓመተ ምሕረትና በጉዳይ ለዩት፤ በላቲን የተጻፈውን ከጎኑ በፊደላችን ገልብጡት። ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊትም የጸሐፊውን ፈቃድ ጠይቁ። ማኅበራችን ሃያኛ ዓመቱን ሲያከብር ልጆቻችን የሚያነቡት እንዲኖራቸው ዛሬ እናሰናዳ።