የትኛው ዳሞት?

ደጋ ዳሞት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬና ዳሞት ወይዴ ደግሞ ወላይታ ናቸው። ታዲያ አፄ ዓምደ ጽዮን በ1316/17 እ.ኤ.አ. ዳሞትን እንዳስገበሩ ያነበበ ተማሪ፣ ንጉሡ ወዴት እንደዘመቱ በምን ያውቃል?

የዛሬውን ካርታ ዘርግቶ ጎጃም ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ተሳስቷል። የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ ኃያል መንግሥት ነው። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የሚያነሣው ሞተለሚ የነገሠው እዚያ ነበር፤ የወላይታ ትውፊትም ሞቶሎሚ እያለ ከነገሥታቱ ይቆጥረዋል። ስሙ ወደ ጎጃም የተሻገረው ኋላ ነው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ መስፋፋት ወዲህ ከሕዝቡ ከፊሉ ዓባይን ሲሻገር። አገር ከነስሙ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊው ግን ዘመኑ የሚያውቀውን ስም ጽፎ ያልፋል፣ ለኋለኛው አንባቢ አይጨነቅም።

እዚህ ላይ ነው የማመሳከሪያ መጽሐፍ ዋጋው የሚታየው። እንግሊዛዊው ሀንቲንግፎርድ ከአንደኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1704 ያለውን የኢትዮጵያ ታሪካዊ ጂኦግራፊ ሰብስቦ፣ መጽሐፉን ታትሞ ሳያየው በ1978 እ.ኤ.አ. አረፈ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት አርትዖቱን ጨርሰው በ1989 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አበቁት። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ብርቅ ነው፤ ሲቸግር ግን አንድ ገጽ ትበቃለች።

ከሁሉ የሰፋው ሥራ የተዘጋጀው ጀርመን፣ ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፕሮፌሰር ዚግበርት ኡሊግ የተጀመረው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ቅጾች ወጣ። ከ4,000 በላይ መጣጥፎቹ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና አካባቢያቸውን ያካልላሉ። ትልቁ ብልጫው ግን ብዛቱ አይመስልም። እያንዳንዱ መጣጥፍ የጸሐፊው ስም አለበት፣ ከግርጌው የምንጮቹ ዝርዝር አለ፤ ያልተስማማው አንባቢ ማንን እንደሚሞግት ያውቃል።

ጀርመኖች የኢትዮጵያን ጥናት የጀመሩት አንድ ኢትዮጵያዊ እየጠየቁ ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው የኤርፈርት ተወላጅ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመካነ ሥላሴውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ ግእዝን የተማረው ከመጻሕፍት ነበርና አንደበቱ አልተፈታም፤ ሌላ የሚያግባባቸው ቋንቋ ስላልነበረ ግን በዚያው በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ስለ አገራቸው ሲጠየቁ መለሱ፣ ሉዶልፍም ጻፈ። በ1681 በላቲን የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት መነሻ ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ አልፈዋል።

በአገር ቤትም የተሠራ አለ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር የመሬት ሥሪቱን፣ ግብሩንና የመንግሥቱን አስተዳደር በአማርኛ መዝግቧል፤ ስለ ርስትና ጉልት የሚጽፍ ሰው ዛሬም ሳይገልጠው አይውልም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገበ ቃላት ግን ዕድሉ አጭር ሆነ። የመጀመሪያው ቅጽ ከዛጉዌ መጨረሻ፣ ከ1270 ገደማ አላለፈም፤ ተከታዩ አልወጣም። ከዛጉዌ ቀጥሎ የነገሠውን ይኩኖ አምላክን የፈለገ ሰው በሩ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አሁን አሁን ዞኖችና ወረዳዎች የየአካባቢያቸውን ታሪክ በመጽሐፍ እያሳተሙ ነው፤ ደስ ይላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን «አባቶች እንደሚሉት» ብለው ያልፋሉ። የትኞቹ አባቶች? በየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ዓ.ም. የተናገሩት? ቀጣዩን እትም የምታዘጋጁ ሰዎች፣ የተናጋሪውን ስም፣ የተነገረበትን ቀንና ቦታውን ከግርጌ አስፍሩ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁም ሁለቱንም ጻፉ።